የኤክስቴንሽን ሥራን ለሕዝብ እንዴት እናድርስ? ከደሴና ከኮምቦልቻ ሐሳብ እፈልጋለሁ

ዲኤ ከቃሉ

ሰላም ለሁላችሁም። በቃሉ ወረዳ የሰብል ዲኤ (የልማት ሠራተኛ) ነኝ፤ ሥራዬ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ገበሬውን ማማከርና ማሠልጠን ነው፤ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ዘንድሮ ከመደበኛ ሥራዬ ሌላ አንድ ነገር ተጨምሮልኛል። የቀበሌዎቻችንን ሥራ እየጻፍኩ ለፌስቡክ ገጽ፣ ለቴሌግራምና ለሬዲዮ እንድልክ ተነግሮኛል። ሥራውን ወድጄዋለሁ። ግን ከየመሥሪያ ቤቱ ሲወጣ የማየውን ዓይነት መጻፍ አልፈልግም።

ምን ዓይነት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አዳራሽ ውስጥ የተሰበሰበ ሰው ፎቶ አለ። ከኋላ ባነር አለ። ከሥሩ «የመኸር እርሻ የንቅናቄ መድረክ ተካሄደ» ይላል። ማን ንግግር እንዳደረገና ምን እንዳሳሰበ ተጽፏል። ገበሬው ምን እንደዘራ፣ መቼ እንደዘራ፣ ምን እንደገጠመው ግን የለም። የከተማው ሰው አንብቦት የሚጨብጠው ነገር አያገኝም። ገበሬው ቢደርሰውም ማሳው ላይ የሚሠራበት ነገር የለውም።

ሥራው ግን አለ። በየቀበሌው ለሰብል፣ ለእንስሳትና ለተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ይመደባል። የገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ፣ ሰርቶ ማሳያ አለ። ብዙዎቻችን የተማርነው እዚሁ ኮምቦልቻ ባለው የግብርና ኮሌጅ ነው። ሐረጎን ወጥተን ደሴ ስንገባ ግን «ዲኤ ምን የሚሠራ ሰው ነው?» የሚለን ብዙ ነው። የሚጠይቀን ደግሞ የዚያን ገበሬ ጤፍና ማሽላ ገዝቶ የሚበላ ሰው ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። የከተማ ሰዎች፣ ስለ ግብርና ምን ብትሰሙ ይጠቅማችኋል? ገጠር ያደጋችሁ ወይም የሠራችሁ፣ ገበሬው የሚያምነው ወሬ በየት በኩል ነው የሚደርሰው? የመጀመሪያ ሙከራዬን ስለ አቀንጭራ፣ የማሽላን ሥር ስለሚጠባው አረም፣ ለመጻፍ አስቤያለሁ። በቆላ ቀበሌዎቻችን ማሽላውን እያሰቃየ ያለው እሱ ነው። አሁን ነሐሴ መግቢያ ላይ ስለሆንን ጊዜውም ነው።


የሸዋ በሯ

እንኳን ጠየቅከን ወንድሜ። እኔ ደሴ ሸዋ በር እህል እሸጣለሁ፤ የሽሮና የክክ እህል። የሚጠቅመኝን ልንገርህ።

ባቄላ ላይ ቆርምድ የሚሉት በሽታ ሲገባ እኔ ከማንም ባለሙያ አልሰማሁም። የሰማሁት ከደንበኞቼ ነው። ከኩታበር በኩል የሚያመጡልኝ ገበሬዎች ባዶ እጃቸውን መጡ። አንዷ እናት የባቄላ ቅጠል በመሐረብ ቋጥረው አመጡና አሳዩኝ። ቅጠሉ ላይ ትንንሽ እብጠት አለ፤ አንዳንዱ አረንጓዴ ነው፣ አንዳንዱ ቡናማ ሆኗል። ዳር ዳሩ ተጨማዷል። «አበባ አወጣ ብለን ስንጠብቅ እንዲህ ሆኖ ቀረ» አሉኝ። የባቄላ ዋጋ ለምን እንደወጣ የገባኝ ያኔ ነው። ገዢዎቼ ግን ነጋዴው ደብቆት ነው ብለው እኔን ይቆጡኝ ነበር።

ያን ቅጠል በፎቶ አውጥታችሁ «ዘንድሮ በደጋው ቀበሌዎች ባቄላ በዚህ በሽታ ተመቷል» ብትሉ እኮ ደንበኛም ይረዳል፣ እኔም ቀድሜ ከሌላ ቦታ አፈላልጋለሁ። የአዳራሽ ፎቶ አይጠቅመኝም። ቅጠሉን አሳየኝ።


ቧንቧ ውሃ

እኔም የማውቀው ነገር ስለሌለ ነው የምጠይቀው። ገበሬው መረጃ ከፈለገ 8028 ላይ ይደውላል ሲባል እሰማለሁ። በነፃ ነው፣ በአማርኛም አለ። እሱ ካለ ሌላ ማስተላለፊያ ለምን አስፈለገ?


የሐይቋ

ቧንቧ ውሃ፣ 8028 ጥሩ ነገር ነው። በ2006 ሐምሌ ላይ በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ አማካይነት ሲጀመር እኔ ኮሌጅ ነበርኩ። ደውለህ ቁጥር እየተጫንክ ስለ ሰብሉ ትሰማለህ። የዘር መጠን፣ የማዳበሪያ መጠን፣ የአረም ጊዜ ይነግርሃል። ደጋግመህ መስማት መቻሉም ደግ ነው።

ግን የጠያቂው ጉዳይ ሌላ ነው። ቁጥሩ በአብዛኛው ለጤፍ የሚመከረውን ዓይነት ነገር ነው የሚነግርህ፤ «ትናንት በዚህ ቀበሌ ይህ ትል ታይቷል» ለማለት ግን ከቀበሌው የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። እኛ ጋ ደግሞ መሬቱ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ይለዋወጣል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ነው። በመሐላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ላይ ገብስና ባቄላ ነው፣ ታች ማሽላና ጤፍ ነው። ለላዩ የተነገረው ለታቹ አይሆንም። ስለዚህ ወሬው የቦታውን ስም መያዝ አለበት። «ደቡብ ወሎ» ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም።


የቀድሞ ልማት ሠራተኛ

ለረጅም ጊዜ ልማት ጣቢያ ሠርቻለሁ፤ አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። የምለው ትንሽ ይመር ይሆናል።

ገበሬው የሚያምነው ወሬውን ሳይሆን አምጪውን ነው። እኔ ጠዋት «በመስመር ዝራ» ብዬ የመከርኩትን ሰው ከሰዓት የማዳበሪያ ዕዳ እንዲከፍል እጠይቀዋለሁ። በማግስቱ ለሌላ መዋጮ እሄዳለሁ። ከዚያ ለስብሰባ ጥሪ እመጣለሁ። ሰውየው ከሩቅ ሲያየኝ «ደግሞ ዛሬ ምን ሊያስከፍለኝ ነው» ይላል። እንዲህ ባለ ፊት የተነገረ ምክር ምንም እውነት ቢሆን ጆሮ አያገኝም።

የ2015ቱን የማዳበሪያ እጥረት አስታውሱ። ገበሬው መሬቱን አርሶ አለስልሶ ሰማይ ሰማይ እያየ ነው። ማዳበሪያው የት እንደደረሰ፣ ይመጣ አይመጣ እንደሆነ በግልጽ የሚነግረው አጣ። ባለሙያዎቹም አናውቅም ነበር። «እስከዚህ ቀን አይደርስም፤ ያለህን ፍግና ኮምፖስት በዚህ መንገድ ተጠቀም» ብንለው ኖሮ ይናደድ ነበር፣ ግን ያምነን ነበር። ዝም ሲባል ነው መተማመኑ የሚሄደው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ በምትጽፈው ውስጥ ያልመጣውም ይግባ፣ የዘገየውም ይግባ። ደስ የሚለውን ብቻ ከጻፍክ በሚቀጥለው ዓመት የሚያነብህ የለም።


የጃማ ልጅ

የቀድሞ ልማት ሠራተኛ እውነት ብለሃል። እኔ አባቴ ጃማ ገበሬ ነው፤ እኔ ደሴ ነው የምሠራው።

ጃማ መሬቱ መረሬ ነው። ጥቁር፣ ክረምት ሲገባ ውሃ የሚይዝ። በነሐሴ ማሳው ውስጥ እግርህን ብታስገባ ጫማህን ይቀማሃል። ድሮ ስንዴ ቀደም ብሎ ቢዘራ ውሃው ሥሩን አፍኖ ቢጫ ያደርገዋል። ስለዚህ ዝናቡ እስኪሸሽ ይጠበቅ ነበር። ቢቢኤም የሚሉት ማረሻ መጣ። በበሬ የሚጎተት ነው። መሬቱን ከፍ ያለ መደብ እያደረገ በመሐል ቦይ ያወጣል፣ ውሃው በቦዩ ይጠነፈፋል።

አባቴ በሥልጠና አልተቀበለውም። ሥልጠና ሄዶ አበሉን ተቀብሎ ነው የተመለሰው። የተቀበለው ጎረቤታችን የሞከረ ጊዜ ነው። ሌሊት ከባድ ዝናብ ዘነበ። ጠዋት ከብት ሲያወጣ የእኛ ማሳ ላይ ውሃው ተኝቷል፤ የጎረቤታችን ማሳ ላይ ውሃው በቦዩ እየፈሰሰ ነው፣ ስንዴው መደቡ ላይ ቆሟል። አባቴ ዳሩ ላይ ቆሞ ብዙ አየ። ምንም አላለም። በዓመቱ መሣሪያውን ተውሶ አረሰ።

እና ሐሳቤ ይህ ነው፦ እነዚያን ሁለት ማሳዎች ጎን ለጎን አሳዩን። አንድ ማሳ ብቻ አታሳዩ። ሁልጊዜ «ሞዴል አርሶ አደር» ብላችሁ የምታቀርቡት ሰው ዘሩም ማዳበሪያውም ቀድሞ የሚደርሰው ሰው ነው። ሌላው ገበሬ «እሱማ ለእሱ ነው» ብሎ ይተወዋል። በሬ የሌለው፣ መሬቱ ግማሽ ጥማድ የሆነ፣ ሞክሮ ግማሽ የተሳካለት ሰው ይቅረብ። ከእሱ ነው ሰው የሚማረው።


ማይክ

ሬዲዮ ላይ የግብርና ዝግጅት እሠራ ነበር። የጃማ ልጅ የተናገረውን እንዲያው እንዳለ በድምፅ ባገኘው በወደድኩ። ሬዲዮ ማለት ይኸው ነው።

ለዲኤ ከቃሉ የምመክረው፦ ገበሬው ራሱ ይናገር። አንተ አትተርክለት። ቀበሌውን ይጥራ። የዘራበትን ቀን በእሱ አቆጣጠር ይናገር፤ «ከሐምሌ ሥላሴ በኋላ» ቢልህ አታርመው፣ ሰሚው ከአንተ በተሻለ ይገባዋል። ስንት ቀን እንዳረመ፣ ስንት ሰው እንዳገዘው፣ ምን እንዳወጣ ጠይቀው። ትርፉን ብቻ የሚያወራ ሰው አይታመንም፤ ወጪውን ሲናገር ግን ሰሚው ከራሱ ኪስ ጋር ያስተያየዋል። ሚስቱም አጠገቡ ካለች ማይኩን ስጣት። ብዙ ጊዜ ትክክለኛውን ሒሳብ የምታውቀው እሷ ናት።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ቀትር ላይ የሚተላለፍ የእርሻ ዝግጅት ገበሬው ማሳ ላይ ሳለ አልፎ ይሄዳል። ከብት ገብቶ፣ እሳት ተቀጣጥሎ፣ ሰው ቤት ሲሰበሰብ ነው የሚደመጠው። አንድ ጊዜ ብቻም አይበቃም። ያው መልእክት በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ሰው ድምፅ ይምጣ።


የሐይቋ

ማይክ የሴቶቹን ነገር ስላነሣህ ተባረክ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይበት።

በተሁለደሬ እየዞርኩ ያየሁት ይህ ነው። ስብሰባ የሚጠራው በአባወራው ስም ነው። ሬዲዮውም ስልኩም ብዙ ጊዜ በእሱ እጅ ነው። ዘር የምትመርጠው፣ እህል የምታስቀምጠው፣ ነቀዝ ሲገባ የምታበጥረው ግን እሷ ናት። እሷን የሚመለከተው ትምህርት በእሱ በኩል አልፎ ሲደርሳት ግማሹ ቀርቶ ነው።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ፤ ይህ የከተማውንም ሰው ይነካል። እህል ለነቀዝ ተብሎ ክኒን ይጣልበታል። ያ ክኒን መርዛማ ጋዝ ነው የሚያወጣው። በተዘጋ መኝታ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። ደሴም ኮምቦልቻም እህሉን አልጋ ሥር ወይም አልጋ አጠገብ የሚያስቀምጥ ቤት ስንት ነው! ይህንን የኤክስቴንሽን ባለሙያው ነው ለከተማው ሰው መንገር ያለበት።

መፍትሔው ደግሞ አለ። ፒክስ የሚባለው ከረጢት ውጪው ተራ ማዳበሪያ ከረጢት ይመስላል፤ ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ አለው። እህሉ በደንብ ደርቆ ይገባል። አንደኛው ላስቲክ አየሩ ተጨምቆ ይታሰራል፣ ሁለተኛው ይታሰራል፣ ከዚያ ውጪው። ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለውን አየር ይጨርስና ይሞታል። መድኃኒት አይጨመርበትም። ግን በየቀኑ እየከፈቱ የሚጨልፉበት ከሆነ አይሠራም፣ አየር ይገባዋል። ስለዚህ ለዕለት የሚሆነው በሌላ ዕቃ ይቀመጣል። ይህቺን ነገር ላሳያቸው ብዬ አንድ ቤት ቡና ላይ ተቀምጬ ከረጢቱን አሰርኩ። አቦሉ ሳይወርድ የጎረቤት ሴቶች መጥተው ራሳቸው እየፈቱ እያሰሩ ሞከሩት። አዳራሽ ብጠራቸው ኖሮ ግማሾቹ አይመጡም ነበር።


የሸዋ በሯ

ለየሐይቋ፦ እህቴ፣ ይህን የክኒን ነገር በትልቁ ጻፉልኝ፣ አትሜ ሱቄ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። «ስንት ክኒን ልጨምር?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቀላል አይደለም። እኔ ምን ብዬ እመልሳለሁ!


ዘርና አፈር

ምርምር ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው ስለ ጤፍ በመስመር መዝራት ነው። የቀድሞ ልማት ሠራተኛ ጠቅሶታል። በብተና ሲዘራ በሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ዘር ይሄዳል። በመስመር ሲሆን ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይበቃል ተብሎ ነው የተመከረው። የዘር ቁጠባው እውነት ነው። ጤፉም እርስ በርሱ ስለማይሻማ ያፈራል፣ ለአረምም ይመቻል። ነገር ግን መጀመሪያ ለሕዝብ የተነገረው የምርት ጭማሪ በጣም ትልቅ ነበር። በኋላ በገበሬው ማሳ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ያገኙት ጭማሪ ከተነገረው በጣም ያነሰ ነው። ጉልበቱ ግን በብዙ እጥፍ ነው። ቤተሰቡ ትንሽ የሆነ ገበሬ ያንን የአሸዋ ቅንጣት የሚያህል ዘር በመስመር እያጎነበሰ መዝራት አይችልም።

እዚህ ላይ የጠፋው ቴክኖሎጂው አይመስለኝም። አነጋገሩ ነው። «ዘር ትቆጥባለህ፣ ምርቱ ይጨምርልሃል፣ ግን ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ ሰው ካለህ በትንሽ መሬት ጀምር» ቢባል ገበሬው ራሱ አመዛዝኖ ይወስን ነበር። በእጥፍ ታገኛለህ ተብሎ በእጥፍ ያላገኘ ሰው ግን የሚቀጥለውን ምክርም አይሰማም።

ሁለተኛው የአቀንጭራ ጉዳይ ነው። ዲኤ ከቃሉ፣ ስትጽፍ ይህን እንዳትረሳ። አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች አሉ፦ ጎቢዬ፣ አብሽር፣ ከሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ብርሃንም አለ። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ሲያገኙ አንዱ ትልቅ ምክንያት አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ላይ የሠሩት ሥራ ነው። ይህ ለሕዝብ ሊነገር የሚገባ ኩራት ነው።

ግን የወሎ ገበሬ ለምን ወዲያው አልወሰዳቸውም የሚለውም አብሮ ይነገር። እነዚህ ዝርያዎች አጫጭርና ቶሎ የሚደርሱ ናቸው። የገበሬው ነባር ማሽላ ረጅም ነው። አገዳው ከብት ያበላል፣ አጥር ይሆናል፣ ማገዶ ይሆናል። እንደ ወተት በጉንጬ ያሉትን ደግሞ ሰው ለጣዕማቸው ይዘራቸዋል፤ ሳይንቲስቶችም ከወሎ ማሽላ ውስጥ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል የበዛበትን ዓይነት አግኝተዋል። ስለዚህ «ገበሬው ለውጥ አይቀበልም» ተብሎ እንዳይጻፍ። ገበሬው አገዳውን እያሰላ ነው።


ቧንቧ ውሃ

ይኸው፣ አሁን ነው ነገሩ የገባኝ። እንዲህ ያለውን ነገር በየትኛውም ገጽ ላይ አንብቤ አላውቅም። ማሽላ ማጠር ከከብት መኖ ጋር እንደሚገናኝ ማን ያስባል? እንዲህ ብትጽፉልን እኮ እናነባለን።


ጋሼ ጢጣ

ልጆች፣ ውይይታችሁን ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ አንድ ነገር ልበል።

ወሎ ውስጥ የእርሻን ወሬ ለሕዝብ መንገር እንደ ትርፍ ሥራ መታየት የለበትም። የ66ቱን ረሀብ እኔ በልጅነቴ ዐይቻለሁ። ዝናቡ ቀርቶ፣ ከብቱ አልቆ፣ ሰው ወደ መንገድ ዳር ሲወጣ አገሩ አልሰማም ነበር። ተደብቆ ቆየ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው ፎቶ አንሥተው አሳዩ፤ በኋላም የውጭ ቴሌቪዥን አሳየው። ያኔ ነው የታወቀው። እስከዚያ ድረስ ስንት ሰው እንደረገፈ እግዜርና አላህ ያውቃሉ። ገበሬው ምን እንደደረሰበት ያውቅ ነበር። የሚያደርስለት ነው ያጣው።

በ2013 መስከረምና ጥቅምት ላይ አንበጣ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገር አየን። ወሬው በየስልኩ ደረሰ። የትኛው ቀበሌ ላይ እንዳረፈ፣ ወዴት እየበረረ እንደሆነ ሰው ይነጋገር ነበር። ቆርቆሮ እየተደበደበ፣ በጅራፍ እየተጮኸ ተባረረ። ከከተማ ወጥቶ የደረሰ እህል ያጨደ ሰው ነበር። ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ሲያውቅ ይወጣል። «ርብርብ ይደረግ» ቢባል ብቻ ማንም አይወጣም ነበር። «የዚህ ቀበሌ ማሽላ ደርሷል፣ ነገ ሰው ያስፈልጋል» ሲባል ነው የወጣው።

ስለዚህ ልጄ ዲኤ፣ ቦታውን፣ ቀኑንና የሚፈለገውን ነገር ጻፍ። ደግሞ ቅሬውን፣ እንደ ዕድር ያለውን መረዳጃችንን፣ አትርሳ። የእኛ አገር ሰው ቅሬ ላይ ይገናኛል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። የቅሬ ዳኛ አንድ ነገር ከተናገረ ቀበሌው ሁሉ ይሰማል። አባጋሮች፣ የሚያስታርቁት ሽማግሌዎችም አሉ። ፌስቡኩ ለከተማው ይሁን፣ ለገጠሩ ግን በእነሱ በኩል ሂድ።


ዲኤ ከቃሉ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ስለ አቀንጭራው ልኬው ከላይ ተስተካክሎ የተመለሰልኝ ይህ ነው፦

«የአቀንጭራ አረም በማሽላ ምርትና ምርታማነት ላይ እያደረሰ ያለውን ጉዳት ለመከላከል በየደረጃው የሚገኙ ባለድርሻ አካላት በቅንጅት ሊሠሩ እንደሚገባ ተገለጸ።»

ይህ እንዳይወጣ ጠይቄያለሁ፤ ሌላ አቅርብ ተብያለሁ። እናንተ ያላችሁትን ይዤ እንደገና ጻፍኩት። እዩልኝ፦

«በቃሉና በአካባቢው ላላችሁ የማሽላ ገበሬዎች። መሬቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ ማሽላችሁ ከጠወለገ አቀንጭራ ሥሩን ይዞት ሊሆን ይችላል። አቀንጭራ ገና አፈር ውስጥ ሳለ ነው የማሽላውን ሥር መጥባት የሚጀምረው። ሐምራዊ አበባውን ስታዩ የዘንድሮው ጉዳት አብዛኛው ደርሷል። ቢሆንም ንቀሉት፤ የምትነቅሉት ለከርሞ ነው። አንዱ አቀንጭራ በአስር ሺህ የሚቆጠር ዘር ይበትናል። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዘር ሳይቋጥር ንቀሉ፣ ሰብስቡ፣ አቃጥሉ። ማሳ ዳር አትጣሉት። አቀንጭራ ካለበት ማሳ ለዘር የሚሆን ማሽላ አትያዙ። በጣም በተጎዳው መሬት ላይ አንድ ዓመት ማሾ ዝሩ፤ ማሾ የአቀንጭራን ዘር ያበቅለዋል፣ ግን ስለማይመግበው ይሞታል። ፍግ የበዛበት መሬት ላይ አቀንጭራ ይዳከማል። የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች አሉ። አጫጭር ናቸው፣ አገዳቸው እንደ ነባሩ አይበዛም። መሞከር የምትፈልጉ ከመሬታችሁ በትንሹ ጀምሩ፤ የቀበሌ ባለሙያችሁን ጠይቁ።»


ዘርና አፈር

በጣም ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ማሾው በአንድ ዓመት አያጠፋውም፣ ይቀንሰዋል። ዘሩ ብዙ ዓመት ስለሚቆይ ማፈራረቁ መደጋገም አለበት። ይህን ካላልክ በሁለተኛው ዓመት አቀንጭራ ሲያይ «ዋሹን» ይላል።


የቀድሞ ልማት ሠራተኛ

«የቀበሌ ባለሙያችሁን ጠይቁ» ካልክ ባለሙያው ዘሩ ይኖረው አይኖረው እንደሆነ አስቀድመህ አጣራ። ከሌለ «ዘንድሮ በእኛ ወረዳ ዘሩ የለም» ብለህ ጻፍ። ገበሬው ከቆላው ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ተጉዞ መጥቶ ባዶ እጁን አይመለስ።


ማይክ

ለሬዲዮ ግማሹ ይበቃል። የማሾውንና የዝርያውን ለሌላ ቀን አቆየው። ዛሬ «ዘር ሳይቋጥር ንቀሉ» የሚለው ብቻ ይሂድ፤ ጊዜው እሱ ነውና። ነቅሎ የጨረሰ አንድ ገበሬ ይናገር። ስልክህን ከአፉ አንድ ስንዝር አርቀህ ያዝ፣ ንፋሱን በጀርባህ ከልል። ከመቅዳትህ በፊት ፈቃዱን ጠይቅ፤ ስሙ እንዲጠራ ካልፈለገ ቀበሌው ብቻ ይበቃል።


የሐይቋ

ፎቶው ላይ አበባው ብቻ አይታይ። ከማሽላው ሥር ጋር ተያይዞ የተነቀለ አንድ አሳይ። ሥሩን እንዴት እንደያዘው ሰው ሲያይ ነው የሚገባው። ነቃዮቹ ብዙ ጊዜ ሴቶችና ልጆች ስለሆኑ በገበያ ቀን ሴቶቹ የሚቀመጡበት ድረስ ይዘኸው ሂድ። እዚያው በእጃቸው ይያዙት።


ዲኤ ከቃሉ

የማሾውን አስተካክላለሁ። ዘሩን ጠይቄያለሁ፣ ለዘንድሮ የለም፤ እንደዚያው እጽፈዋለሁ። ነገ ጠዋት ማሳ እወርዳለሁ። ከማሽላው ጋር እነቅለውና ከሥሩ ጀምሮ አነሣዋለሁ። ዘር ያልቋጠረውን መርጬ ለገበያው በላስቲክ አስሬ እይዛለሁ፤ ሳይቃጠል አንድም አይቀርም። የሁለት ቅሬ ዳኞችን ስልክ አግኝቻለሁ፤ ከቅዳሜ በፊት አነጋግራቸዋለሁ።

የሸዋ በሯ፣ የክኒኑን ጽሑፍ እኔና የሐይቋ አብረን እናዘጋጃለን። በትልቁ ይታተማል። ስንት ቅጂ ይበቃሻል?


የሸዋ በሯ

ለእኔ አንድ ይበቃኛል። ለጎረቤት ሱቆችና ለወፍጮ ቤቶቹ አስር ጨምርልኝ። ወፍጮ ቤት ሰው ተራ እየጠበቀ ቆሞ ያነባል።


የጃማ ልጅ

ከአቀንጭራው ቀጥሎ የባቄላው ይሁን። ኩታበር ዘመድ አለኝ፤ ቆርምድ የያዘውን ቅጠል ከላይም ከሥርም አስነሥቼ እልክልሃለሁ። ጤነኛውንም ጎን ለጎን አስቀምጦ እንዲያነሣ እነግረዋለሁ።


ዲኤ ከቃሉ

ላክልኝ። የቀበሌውን ስምና የተነሣበትን ቀን አብረህ ጻፍልኝ። ከደሴ ዙሪያና ከለጋምቦም የምትልኩልኝ ካላችሁ እዚሁ ሥር ጻፉ።